ከጠመንጃ ፋብሪካ የወጣች ትንሽ ዶሮ

ስለ ሞተር ሳይክል እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ለእኔ ሞተር ሳይክል የጎረምሶች ነገር ነው፤ ድምፁ የሚያስደነግጥ፣ የእናትን እንቅልፍ የሚነሣ። እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ከተማ ወደሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ለጥየቃ ስሄድም ላየው ያሰብኩት ሌላ ነበር፤ የከተማዋን የውኃ ቦዮች፣ ትልቁን ቤተ መጻሕፍት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የወንድሜን ኑሮ። እናታችን አደራ ብላኝ ነበርና። "ልጄ፣ ሥራህ ምንድን ነው?" ባለችው ቁጥር "ትራንስፖርት ውስጥ ነኝ" ከማለት አልፎ አብራርቶላት አያውቅም።

በደረስኩ በማግስቱ ጠዋት ከጎረቤት ግቢ ጠር፣ ጠር፣ ጠር የሚል ድምፅ ሰማሁ። በመስኮት ስመለከት ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ቱታ ለብሰው ከአንዲት ትንሽ ሞተር ሳይክል አጠገብ ተንበርክከዋል። ወንድሜ "ጋሼ ናቸው" አለኝ። የቃሉን ትርጉም ነግሯቸው ኖሮ ወደውት፣ ስማቸው በዚያው ጸንቷል። "ነይ እትዬ፣ ላስተዋውቅሽ፤ ስለ ሞተሯ ከጠየቅሻቸው ግን ምሳ ሰዓት ያልፍብናል" ሲል አስጠነቀቀኝ። ጠየቅኳቸው። ምሳ ሰዓትም አለፈ።

ሞተሯ ፈዛዛ አረንጓዴ ናት። የቤንዚን ታንኳ ግራና ቀኙ ክሬም ቀለም ተቀብቷል። ለአንድ ሰው ብቻ የምትሆን ኮርቻ አለቻት፤ የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ጫፉ ላይ እንደ ዓሣ ጅራት ይሰፋል። ክብደቷ 80 ኪሎ አይሞላም። ደረቱን የነፋ ትንሽ አውራ ዶሮ ተስሎባታል። ስሟም ከዚያው የመጣ ነው፤ ባንታም ይሏታል። ባንታም በቁመቱ ትንሽ፣ በድፍረቱ ግን ከትልልቆቹ የማያንስ የዶሮ ዘር ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት ከነበረ የወደብ ከተማ ነው። የሞተሯ ሠሪ ደግሞ ቢ.ኤስ.ኤ. ይባላል። ፊደሎቹን ሲፈቱልኝ ግን ደንገጥ አልኩ፤ "የበርሚንግሃም የቀላል ጦር መሣሪያዎች ኩባንያ" ማለት ናቸው።

ዶሮንና ጠመንጃን ምን አገናኛቸው? ይህን ስጠይቅ ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ "ነገ ሥራ ከሌላችሁ የተወለደችበትን ቦታ ላሳያችሁ" አሉን።

ሦስቱ ጠመንጃዎች

በማግስቱ ከመሐል ከተማ ባቡር ተሳፍረን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስሞል ሂዝ በተባለው ሰፈር ወረድን። ስሞል ሂዝ ዛሬ ከፓኪስታን፣ ከሶማሊያና ከሌሎችም ብዙ አገሮች የመጡ ቤተሰቦች የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ከጣቢያው ብዙም ሳንርቅ የደረስንበት መንገድ ግን ያለፈውን ዘመን በስሙ ይናገራል። አርመሪ ሮድ ይባላል፤ የጦር መሣሪያ ቤት መንገድ እንደ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

በርሚንግሃም የብረት ሠራተኞች ከተማ ናት። ከጥንት ጀምሮ ቁልፍ፣ ምስማር፣ አዝራርና የጽሕፈት ብዕር ጫፍ ሲሠራባት ኖሯል። ጠመንጃም እንዲሁ። ሆኖም ጠመንጃው በየጓዳው በእጅ ይሠራ ስለነበር መንግሥት በመኪና ጠመንጃ የሚያመርት ፋብሪካ ሲከፍት የከተማዋ አንጥረኞች እንጀራቸው ሊቀር ሆነ። ስለዚህ 14 ጠመንጃ ሠሪዎች በ1861 ተሰባስበው ይህን ኩባንያ አቋቋሙ፤ በስሞል ሂዝም መሬት ገዝተው ፋብሪካቸውን ተከሉ። የንግድ ምልክታቸው እርስ በርስ ተደጋግፈው የቆሙ ሦስት ጠመንጃዎች ሆነ።

ጠመንጃ መሥራት ግን የማያስተማምን እንጀራ ነው፤ ጦርነት ሲኖር ይጎርፋል፣ ሰላም ሲሆን ይነጥፋል። በ1870ዎቹ መጨረሻ ትዕዛዝ ጠፍቶ ፋብሪካው ለአንድ ዓመት ያህል ተዘጋ። ያን ጊዜ ነው ኩባንያው ፊቱን ወደ ብስክሌት ያዞረው። የጠመንጃ አፈሙዝ ለመሥራት የተገዛው መኪናና የሠለጠነው እጅ የብስክሌት ቱቦና ማሽከርከሪያ ለመሥራትም አገለገለ። ከብስክሌት ወደ ሞተር ሳይክል አንድ እርምጃ ነበረና ራሱ የሠራትን የመጀመሪያ ሞተር ሳይክል በ1910 ለሕዝብ አሳየ።

ይህን ስሰማ ሰይፍ ማረሻ ሆነ ልል ዳድቶኝ ነበር። እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። ኩባንያው ብስክሌቱን ሲሠራ ጠመንጃውን አልተወም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብቻ 1.5 ሚሊዮን ጠመንጃዎችና 145,000 የሉዊስ መትረየሶች ከዚህ ግቢ ወጥተዋል። በሁለተኛውም ጦርነት ከ126,000 በላይ ኤም 20 የተባሉ ሞተር ሳይክሎችን ለሠራዊቱ አስረክቧል። ሦስቱ ጠመንጃዎችም ለሰላም ጊዜ በተሠሩት ሞተሮች ላይ ሳይቀር እንደ ምልክት ታትመው ቀጠሉ።

ከግቢው ጀርባ የግራንድ ዩኒየን ቦይ ያልፋል። ውኃው የረጋ ነው፤ ዳክዬዎች ይዋኙበታል። ሽማግሌው ከቦዩ ዳር ቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያንን ሌሊት ነገሩን። በኅዳር 19 ቀን 1940 ምሽት የጀርመን አውሮፕላኖች ፋብሪካውን ደበደቡት። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ያሉበት ሕንፃ በላያቸው ተደረመሰ፤ 53 ሰዎች ሞቱ፣ 89 ቆሰሉ። እርሳቸው ያን ጊዜ አልተወለዱም፤ ነገር ግን በዚያ ሰፈር ያደገ ሰው ሁሉ ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል።

የጠላት ንድፍ

እንግዲህ የባንታም ታሪክ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ያቺ አረንጓዴ ሞተር በስሞል ሂዝ ትወለድ እንጂ የተፀነሰችው በርሚንግሃም ውስጥ አይደለም። የተፀነሰችው በጀርመን ነው።

በጀርመን ሳክሶኒ ክፍለ ግዛት ቾፓው በምትባል ትንሽ ከተማ ዲ.ካ.ቬ. የተባለ የሞተር ሳይክል ፋብሪካ ነበር። የመሠረተው ዮርገን ስካፍተ ራስሙሰን የተባለ የዴንማርክ ተወላጅ ሲሆን፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ ፋብሪካው ከዓለም የሞተር ሳይክል አምራቾች ትልቁ ለመሆን በቅቶ ነበር። በዚህ ፋብሪካ ሄርማን ቬበር የተባለ መሐንዲስ በ1939 አር.ቴ. 125 የተባለችውን ቀላል ሞተር ሳይክል ነደፈ።

የቬበር ሞተር ባለ ሁለት ምት ነው፤ መካኒኮቻችን "ቱ ስትሮክ" የሚሉት ማለት ነው። በተለመደው ባለ አራት ምት ሞተር ፒስተኑ አንድ ጊዜ ጉልበት ለመስጠት ሁለቴ ወጥቶ ሁለቴ ይወርዳል፤ በዚያ ላይ የሚከፈቱና የሚዘጉ ቫልቮች አሉት። በባለ ሁለት ምቱ ግን ፒስተኑ በወጣና በወረደ ቁጥር ጉልበት ይሰጣል፤ ቫልቭም የለውም። ቤንዚኑ የሚገባበትንና ጭሱ የሚወጣበትን ቀዳዳ ራሱ ፒስተኑ እያለፈ ይከፍታል፣ ይዘጋል። የሞተሩ ውስጥ እንዳይደርቅ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይቀዳል፤ ያ የሚሸተን ሰማያዊ ጭስ ከዚያ የሚመጣ ነው። የሚንቀሳቀሰው ዕቃ ጥቂት ስለሆነ የሚበላሸውም ጥቂት ነው። በወጉ የተማረ መካኒክ በሌለበት ቦታ እንኳ ካንዴላዋን አውጥቶ ያጸዳ ሰው መንገዱን ይቀጥላል።

ጦርነቱ በጀርመን መሸነፍ ሲያበቃ ድል አድራጊዎቹ እንደ ጦር ካሳ ከወሰዱት መካከል ይህ ንድፍ አንዱ ነበር። ሶቪየቶች ወሰዱት፣ ሞስኮ ላይ ሠሩት። አሜሪካኖች ወሰዱት፣ ሃርሊ ዴቪድሰን ሠራው። እንግሊዞችም ወሰዱትና ለቢ.ኤስ.ኤ. ሰጡት። ከስምንት ዓመት በፊት ፋብሪካቸው በጀርመን ቦምብ የፈረሰባቸው ሰዎች የጀርመኑን ንድፍ ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው የሜትሩን ልክ ወደ ኢንች ለወጡት። እንግሊዛዊ ነጂ ማርሽ የሚቀይረው በቀኝ እግሩ ስለነበር ሞተሩን በመስታወት እንደሚታይ አድርገው ግራውን ወደ ቀኝ አዞሩት። በ1948 ባንታም ዲ 1 ተብላ ወጣች፤ 123 ሲሲ፣ ሦስት ማርሽ፣ አራት ተኩል የፈረስ ጉልበት፣ ቢበዛ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ነዳፊው ቬበር ግን ይህን አላየም። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተወስዶ በዚያው በ1948 በዚያ ሞተ። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩን ሞተሯን የሠራቻት አገር ልጅ እንደ መሆናቸው ለአፍታ ዝም አሉ። ከቦዩ ዳር የ53ቱን ታሪክ የነገሩን ሰው ስለ ጀርመናዊው መሐንዲስም እንደዚያው አዘኑ።

የድሃ እግር

ባንታም በወጣችበት ጊዜ እንግሊዝ ጦርነቱን ያሸነፈች፣ ኪሷ ግን የተራቆተ አገር ነበረች። ቤንዚን እስከ 1950 ድረስ በራሽን ነበር የሚታደለው። መኪና ለሠራተኛው ሕዝብ ሕልም ነው። ባንታም ደግሞ ከነታክሱ 76 ፓውንድ ገደማ ነበር ዋጋዋ፤ ረጋ ብሎ ለነዳት ሰው በአንድ ሊትር ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። ስለዚህ ነርሷ ወደ ወላድ ቤት፣ ማዕድን ቆፋሪው ወደ ጉድጓዱ፣ ወጣቱ ወደ እጮኛው ቤት በእርሷ ይሄድ ጀመር። በአውስትራሊያ ገበሬዎች በጎች የሚጠብቁባት፣ ቡሽማን የምትባል ዓይነትም በኋላ ተሠራላቸው።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀችው ግን በቀይ ቀለም ነው። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ብዙ ባንታሞችን ገዝቶ ቀይ ቀብቶ ለቴሌግራም አድራሽ ልጆች ሰጣቸው። ስልክ በየቤቱ ባልነበረበት በዚያ ዘመን አስቸኳይ ወሬ የሚመጣው በቴሌግራም ነው፤ ልጅ ተወለደ፣ አባት ታመመ፣ መርከቡ ደረሰ። አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመት የሆናቸው ልጆች የደንብ ልብስ ለብሰው፣ ወረቀቱን በቆዳ ቦርሳ ይዘው ደጃፍ ላይ ይቆሙ ነበር። በዚያች ትንሽ ሞተር ላይ የሚመጣው ደስታ ይሁን መርዶ ሰው የሚያውቀው በሩን ከከፈተ በኋላ ነው። የቴሌግራም አገልግሎቱ በ1982 እስኪቀር ድረስ ሥራው ቀጠለ።

ፔጊ አይሪስ ቶማስ የተባለች እንግሊዛዊት ወጣት ደግሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ባንታሟን በመርከብ ጭና ወደ ካናዳ ተሻገረች። ማተሎ የሚባል ትልቅ ውሻዋን ከኋላ አስቀምጣ ከካናዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ ተነሥታ እስከ ሜክሲኮ ድረስ ነዳች፤ በድምሩ 22,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘች። አራት ተኩል የፈረስ ጉልበት፣ አንዲት ሴት፣ አንድ ውሻና ድንኳን! ትንሽ ነገር ምን ያህል እንደሚሸከም ከዚህ የበለጠ ምስክር የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

አንድ ዘር፣ ብዙ መሬት

በ1951 ቢ.ኤስ.ኤ. ትራያምፍ የተባለውን ኩባንያ ገዝቶ በዓለም ትልቁ የሞተር ሳይክል አምራች ሆነ። ታዲያ እንዴት ጠፋ? ከአርመሪ ሮድ ወደ ጣቢያው ስንመለስ የጠየቅኳቸው ይህን ነበር። ከዚያ ሰፊ ፋብሪካ የቀረው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው በ1970ዎቹ ፈርሷል።

ያ የቬበር ንድፍ ሌላም ቦታ ደርሶ ነበር። በጃፓን ያማሃ የተባለ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ በ1955 የመጀመሪያ ሞተር ሳይክሉን ሲያወጣ መነሻው ያችው የጀርመኗ አር.ቴ. 125 ነበረች። ስለዚህ ባንታምና የመጀመሪያዋ ያማሃ እኅትማማቾች ናቸው። ሆንዳ ደግሞ በኩባንያነት የተመሠረተው ባንታም በተወለደችበት በ1948 ነው። መነሻቸው ይህን ያህል የተቀራረበ ነበር።

ልዩነቱ ትንሿን ሞተር በያዙበት መንገድ ላይ ነው። ጃፓኖቹ ትንሿን እንደ ዋና ሥራቸው ቆጥረው በየጊዜው አሻሻሏት። ቢ.ኤስ.ኤ. ግን ዓይኑ ያለው ትልልቆቹ፣ ፈጣኖቹና ለአሜሪካ የሚላኩት ላይ ነበር። ባንታም በጥሩ ዋጋ ትሸጥ ስለነበር እንዳለች ተተወች። የሞተሯ መጠን ቀስ እያለ ወደ 150፣ ከዚያም ወደ 175 ሲሲ አደገ፤ ማርሿ ግን እስከ 1966 ድረስ ሦስት ብቻ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ!

ማስጠንቀቂያ አልጠፋም። በ1960 ከኩባንያው መሪዎች አንዱ የነበሩት ኤድዋርድ ተርነር ወደ ጃፓን ሄደው ፋብሪካዎቹን በዓይናቸው አይተው የሚያሰጋ መሆኑን ጽፈው ነበር። ነገር ግን በእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ሠሪዎች ዘንድ አንድ የሚያጽናና አሳብ ሰፍኖ ነበር፤ "ጃፓኖቹ ትንንሾቹን ይሽጡ፤ ነጂው መንዳት ተምሮ ሲያድግ ወደ እኛ ትልልቆች ይመጣል" የሚል። ነጂው አደገ፤ ጃፓኖቹም አብረውት አደጉ። በ1969 ሆንዳ ባለ 750 ሲሲውን አወጣ። ትንሿን የለቀቀ ሰው ትልቋን ሊይዝ አልቻለም።

ለውድቀቱ ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩ፤ ያረጁ መኪናዎች፣ ዕዳ፣ በችኮላ የወጡ አዳዲስ ሞዴሎች፣ ገበያ ያላገኘች ባለ ሦስት ጎማ። የባንታም ምርት በ1971 ቆመ። በ1973 ኩባንያው በሌላ ተጠቃለለ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞችም እንጀራቸውን አጡ። ከእነዚያ አንዱ በአሥራ አምስት ዓመታቸው ገብተው ቸርኬ ላይ ሽቦ ሲወጥሩ የነበሩት የእኛ ሽማግሌ ናቸው። እስከዚያ ድረስ ከ350,000 በላይ ባንታሞች ተሠርተዋል። የሆንዳዋ ትንሽ ከብ ግን በ2017 ምርቷ 100 ሚሊዮን ሞላ።

ስሙ ብቻ ከሞት ተነሥቷል። በ2016 የህንዱ የማሂንድራ ቡድን የቢ.ኤስ.ኤ.ን ስም ገዛ፤ በ2025ም ባንታም የሚባል ሞተር እንደገና ለገበያ ቀረበ። 334 ሲሲ፣ ባለ አራት ምት ነው። ሽማግሌውን "ምን ይሰማዎታል?" አልኳቸው። "ስሙን በመጥራታቸው ደስ ብሎኛል፤ ዶሮዋ ግን ጎልምሳለች" ብለው ሳቁ።

ማታ

ወደ ቤት ስንቃረብ ሽማግሌው ወደ ወንድሜ ዞር ብለው፣ "ትናንት ማታ ስንት በር አንኳኳህ?" አሉት።

ወንድሜ መሬት መሬቱን አየ። "ሃያ ሁለት" አለ።

እኔ ግራ ገባኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ጋራዥ ወሰዱኝ። ከአረንጓዴዋ ባንታም ጀርባ፣ በሸራ ተሸፍና አንዲት ጥቁር የጃፓን ሞተር ቆማለች፤ 125 ሲሲ። ከኋላዋ ትልቅ የምግብ ሳጥን ታስሯል። ወንድሜ ለካ ማታ ማታ ከየምግብ ቤቱ ምግብ እየተቀበለ ለየቤቱ ያደርሳል። እኔ ስመጣ ሞተሯን ጎረቤት የደበቃት አፍሮ ነው። ካንዴላዋን የሚያጸዱለት፣ ካቴናዋን የሚያጠብቁለት ሽማግሌው ናቸው።

"እትዬ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪያት" አለኝ።

ምን ብዬ ልመልስለት? ቀኑን ሙሉ የሰማሁት ትንሿን ሞተር የናቀ ኩባንያ ታሪክ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰማሁት በዝናብ ደጃፍ ላይ ስለሚቆሙ የቴሌግራም ልጆች ነበር። "እኔ አልነግራትም፤ አንተ ራስህ ንገራት" አልኩት።

በዚያው ምሽት ደወለላት። ድምፁ እየተቆራረጠ ነገራት፤ ሞተሩን፣ ሳጥኑን፣ ዝናቡን። ከወዲያኛው ጫፍ ጥቂት ዝምታ ሆነ። ከዚያም እናታችን፣ "እና ሰው የራበው ምግብ ነው የምታደርሰው?" አለችው። "አዎ እማዬ።" "ታዲያ ይህ ምኑ ያሳፍራል? ቀስ ብለህ ንዳ ብቻ።"

ወንድሜ ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። ሽማግሌው የጋራዡን በር ይዘውለት ነበር። ትንሿ ሞተር ተነሣች። አረንጓዴዋ ባንታም ደረቱን ከነፋው ዶሮዋ ጋር በመብራቱ ሥር ቆማለች። ድምፁ በመንገዱ ጥግ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አዳመጥኩት፤ በዚያ ሌሊት ግን እንቅልፌን አልነሣኝም።